አዲስ ዊንዶውስ በአሮጌ ላፕቶፕ፦ ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ምን ይደረጋል?

ዱባይ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ይዘው የሚሠሩና የሚማሩ የዲራ፣ የሻርጃና የአጅማን ነዋሪዎች አንድ ውሳኔ ቀርቦላቸዋል። በአሮጌው ስርዓተ ክወና መቀጠል የደኅንነት ማሻሻያ አለማግኘት ማለት ነው። ዊንዶውስ 11ን በማይደግፈው ኮምፒውተር ላይ በግድ መጫን ደግሞ አንድ ቀን ማለዳ ላፕቶፑ ሲከፈት ሰማያዊ ወይም ጥቁር ስክሪን አሳይቶ እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል። በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃና የውል ሰነድ ተቀምጦ ከሆነ ጉዳቱ ከዕቃው ዋጋ በላይ ነው።

በዲራ ውስጥ በናይፍ፣ በሳብካና በባኒያስ አደባባይ ዙሪያ ስልክና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡና የሚጠግኑ ሱቆች ተደርድረው ይገኛሉ። ከውኃው ማዶ በቡር ዱባይ ያለው የኻሊድ ቢን አል ወሊድ ጎዳናም በኮምፒውተር ሱቆቹ ይታወቃል። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖለታል» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ሁሉ ግን ስርዓቱን በአግባቡ የሚደግፍ ነው ማለት አይደለም። በሚደገፈውና በግድ በተጫነበት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ችግሩን ለመፍታት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

«አይደግፍም» ሲባል ምን ማለት ነው?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፣ ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የተባለውን አዲሱን የማስነሻ ዘዴ፣ ሴኪዩር ቡትን እንዲሁም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በፕሮሰሰር ረገድ፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከኢንቴል 8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ያሉት፣ ከኤ.ኤም.ዲ. ደግሞ ከራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉት ይደገፋሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። አንዳንድ ላፕቶፕ «አይደግፍም» የሚባለው ክፍሉ ስለሌለው ሳይሆን በባዮስ ውስጥ ስለተዘጋ ብቻ ነው። በኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ ፒ.ቲ.ቲ.፣ በኤ.ኤም.ዲ. ላይ ደግሞ ኤፍ.ቲ.ፒ.ኤም. በሚል ስም የሚገኘው ቅንብር ሲከፈት ላፕቶፑ መስፈርቱን ሊያሟላ ይችላል። ስለሆነም ወደ ሌላ መንገድ ከመሄድ በፊት ማይክሮሶፍት በነጻ ያዘጋጀውን «ፒሲ ሄልዝ ቼክ» የተባለ መመርመሪያ ማስኬድ ይመከራል።

መስፈርቱን የማያሟላ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ 11 የሚጫነው ሩፈስን በመሰለ መሣሪያ በተዘጋጀ ፍላሽ ነው። መሣሪያው የሚያደርገው ጫኚው ፕሮግራም ምርመራውን እንዲዘል ማድረግ ነው፤ በማሽኑ ውስጥ የሌለውን ክፍል ግን ሊፈጥር አይችልም። ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲህ ያለውን ጭነት አይመክርም። ኮምፒውተሩ በትክክል ላይሠራ እንደሚችል፣ ማሻሻያ የማግኘት ዋስትና እንደሌለውና ከዚህ የተነሳ የሚደርስ ጉዳት በአምራቹ ዋስትና እንደማይሸፈን አስታውቋል።

ለምን አይነሳም?

ከእንዲህ ዓይነቱ ጭነት በኋላ የሚያጋጥሙ የመነሳት ችግሮች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም ፖፕካውንት እና ኤስ.ኤስ.ኢ. 4.2 የተባሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን ይፈልጋል። እንደ ኢንቴል ኮር 2 ዱዎ ያሉ ፕሮሰሰሮች እነዚህን አያውቁም። በመሆኑም ቀደም ባለው እትም ሲሠራ የቆየ ማሽን አዲሱ እትም ሲጫንበት ጨርሶ አይነሳም። ይህ በቅንብርም ሆነ በጥገና አይስተካከልም።

ሁለተኛው ድራይቨር ነው። ድራይቨር ስርዓተ ክወናው ከስክሪን፣ ከዋይፋይና ከድምፅ ክፍል ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም ሲሆን፣ ከፊሉ የሚሠራው በስርዓቱ እምብርት ውስጥ ነው። ለአሮጌ ስርዓት የተጻፈ አንድ ድራይቨር ሲሳሳት አጠቃላይ ኮምፒውተሩ ይቆማል። ዓለም ይህንን በጉልህ ያየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ነበር። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚሆኑ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አናግቶ፣ ብዙዎቹ ተነሥተው ከመጨረሳቸው በፊት ደጋግመው እንዲወድቁ አድርጓል። ማሽኖቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ችግሩ ሲነሡ የሚያነቡት አንድ ፋይል ነበር።

ሦስተኛው የባዮስ ቅንብር ነው። ዊንዶውስ በአንድ የማስነሻ ዘዴ ተጭኖ ባዮሱ ወደ ሌላው ከተቀየረ፣ ላፕቶፑ የሚነሳበት ዲስክ እንዳጣ ይናገራል። የዲስኩ አሠራር ከኤ.ኤች.ሲ.አይ. ወደ ሬይድ ወይም በተቃራኒው ሲቀየርም «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህ ሰው ሳይነካውም ሊከሰት ይችላል፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ የባዮስ ቅንብሮች ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው ሊመለሱ ይችላሉና። ሰዓቱና ቀኑ በተደጋጋሚ የሚሳሳት ላፕቶፕ የዚህ ምልክት ነው።

አራተኛው የዕቃው ድካም ነው። የተጎዳ ሃርድ ዲስክ፣ የላላ ወይም የተበላሸ ራም፣ በአቧራ የታፈነ ማቀዝቀዣ በአዲሱ ስርዓት ላይ የሚመካኝ ብልሽት ያስከትላሉ። በባሕረ ሰላጤው በጋ በመኪና ውስጥ የሚተው ላፕቶፕ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ደረጃ በደረጃ ምርመራ

ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ፎርማት ማድረግ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ ሊሆን አይገባም። በቅድሚያ ፍላሽ፣ ማውስ፣ ፕሪንተርና ማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ይነቀላል። ከዚያም ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም ወጥቶ፣ ማብሪያው ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ ይቆያል። ይህ ቀላል እርምጃ ብቻውን የሚያስነሳቸው ማሽኖች አሉ።

ቀጥሎ የሚቆምበት ቦታ ይታያል። የአምራቹ ዓርማ ከመታየቱ በፊት የሚቆም ከሆነ ጥርጣሬው በዕቃው ወይም በባዮሱ ላይ ይሆናል። የሚሽከረከረው ክብ ከታየ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ድራይቨር ወይም የስርዓቱ ፋይል ይጠረጠራል። የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም ወይም የስክሪን ድራይቨር ሊሆን ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን መልእክት በስልክ ፎቶ ማንሳት ለኋላ ይጠቅማል።

ዊንዶውስ መነሳት ጀምሮ የሚወድቅ ከሆነ ወደ ማገገሚያው ገጽ መግባት ይቻላል። ስርዓቱ መነሳት ሲጀምር ማብሪያውን ተጭኖ በመያዝ ኮምፒውተሩን ማጥፋት፣ ይህንንም ሁለት ጊዜ መድገም ነው፤ በሦስተኛው ማገገሚያው ብዙውን ጊዜ ራሱ ይከፈታል። በዚያም «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ተመርጦ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ ቁጥር 4ን መጫን ወደ «ሴፍ ሞድ» ያስገባል። ሴፍ ሞድ ስርዓቱን በጥቂት መሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ የሚያስነሳ ነው። በዚህ ሁኔታ በሰላም የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ በኋላ ከተጨመረ ድራይቨር ወይም ፕሮግራም ነው ማለት ይቻላል። መጀመሪያ አስፈላጊ ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ፤ ከዚያ በቅርቡ የተጫነው ይወገዳል ወይም ወደ ቀደመው ይመለሳል።

ሴፍ ሞድም ካልሠራ፣ በዚያው ገጽ ላይ የማስነሻ ጥገናውን፣ የመጨረሻውን ማሻሻያ ማስወገጃውንና ወደ ቀደመ ነጥብ መመለሻውን በቅደም ተከተል መሞከር ይቻላል። ዊንዶውስ 11 የተጫነው የቀድሞውን ስርዓት በማሳደግ ከሆነና 10 ቀን ካላለፈው፣ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የቀድሞው ስርዓት ፋይሎች ይሰረዛሉ።

ሁሉም ካልተሳካ ሊኑክስ ሚንት በተጫነበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን ማስነሳት ሁለት ጥቅም አለው። ዲስኩን ሳይነካ ፋይሎችን ለማውጣት ያስችላል፤ ምርመራም ይሆናል። ሊኑክስም በዚያው ማሽን ላይ የሚወድቅ ከሆነ ችግሩ የዊንዶውስ ሳይሆን የራም ወይም የሌላ ዕቃ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው።

የ48 አኃዝ ቁልፍ

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የዲስክ ምስጠራ ነው። ቢትሎከር የተባለው ምስጠራ በሠራበት ላፕቶፕ ላይ የባዮስ ቅንብር ሲቀየር ወይም ቲ.ፒ.ኤም. ሲጸዳ፣ ስርዓቱ 48 አኃዝ ያለው የማገገሚያ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ ከሌለ በዲስኩ ላይ ያለው ፋይል በየትኛውም ሱቅ አይከፈትም። በግል ኮምፒውተር ላይ ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ስርዓቱ ሲዘጋጅ በገባበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ያዘጋጀው ሻጩ በራሱ አካውንት ከሆነ፣ ቁልፉም በሻጩ እጅ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ማንኛውንም ፋይል ከማስቀመጡ በፊት ስርዓቱ በራሱ አካውንት መዘጋጀቱን ማረጋገጥና ቁልፉን በወረቀት ጽፎ መያዝ ይኖርበታል።

ተመሳሳይ ጉዳይ በአሮጌ ማክቡኮች ላይም ይታያል። ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር በተባለው መሣሪያ አዲስ ማክኦኤስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች የስርዓት ማሻሻያ ሲያገኙ የተጨመሩላቸው ማስተካከያዎች ሊጠፉ ስለሚችሉ፣ ከማሻሻያው በኋላ ማስተካከያውን ደግሞ መጫን ያስፈልጋል።

ሌሎች አማራጮች

በግድ መጫን ብቸኛው መንገድ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለግል የዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አዘጋጅቷል። ኮምፒውተሩ 22ኤች2 በተባለው የመጨረሻው እትም ላይ መሆን አለበት፤ ተጠቃሚው የኮምፒውተሩን ቅንብሮች ከማይክሮሶፍት አካውንቱ ጋር በማመሳሰል ያለ ክፍያ፣ ወይም 30 ዶላር በመክፈል መመዝገብ ይችላል። ሥራው በኢንተርኔት፣ በጽሑፍና በቪዲዮ ጥሪ ለሚወሰን ሰው ደግሞ ሊኑክስ ለአሮጌ ማሽን የቀለለና በነጻ የሚገኝ ምርጫ ነው፤ አማርኛ ለመጻፍም ያስችላል።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የፕሮሰሰሩን ትውልድ መጠየቅ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት፣ ሰዓቱን ማየትና የዋስትናውን ጊዜ የሚገልጽ ደረሰኝ መቀበል ይገባዋል። በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የሸማቾች ጥበቃ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የፌዴራል ሕግ ቁጥር 15 ሲሆን፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ቅሬታ ያለው ሰው በዱባይ ለኢኮኖሚና ቱሪዝም ዲፓርትመንት፣ በሻርጃና በአጅማን ደግሞ ለየኤምሬቱ የኢኮኖሚ ልማት ዲፓርትመንት ማቅረብ ይችላል፤ ለዚህም ደረሰኙ ዋናው ማስረጃ ነው።

ወደ ጥገና ሱቅ መሄድ ግድ ሲሆን ደግሞ ምን እንደተጫነ፣ መቼና በምን ፍላሽ እንደተጫነ፣ የትኛው የባዮስ ቅንብር እንደተነካ ለባለሙያው ሳይደብቁ መንገር ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ ያልተነገረ ለውጥ ጥገናውን ያራዝማል፤ ባለሙያውንም ወደ ፎርማት ይገፋፋዋል። ፎርማት የሚደረግ ከሆነም ፋይሎቹ መገልበጣቸውን ባለቤቱ በዓይኑ አይቶ ካረጋገጠ በኋላ መሆን አለበት።