ሐሊማን ስንፈልግ ሀሊማ ጠፋች፦ በዴስክቶፕ ፕሮግራሞቻችን ደጋግመው የሚገጥሙን ስህተቶች



ጀመዓችን ለተቸገሩ ተማሪዎች የሞጁልና የፎቶ ኮፒ ወጪ የሚሸፍንበት መዝገብ ለረጅም ጊዜ በደብተር ነበር የሚያዘው። ከመካከላችን ኮምፒውተር የምንማር ጥቂት ልጆች ተሰባስበን በሲ ሻርፕ ትንሽ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሠራንለት። ፎርሙ ያምራል፣ በተኖቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ አንዲት እህት መጣች፤ ስሟን ቀይረን ሐሊማ እንበላት። ተረኛው ወንድም ስሟን ጽፎ ፈለገና «አልተመዘገብሽም» አላት። ምንም ሳትናገር ሄደች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ስናመሳክር ስሟ በሁለቱም ላይ አለ። በ«ሐ» ተመዝግባ በ«ሀ» ነበር የተፈለገችው። ደብተር ላይ ቢሆን የሰው ዓይን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያነብና ብሯን ይሰጣት ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የመመረቂያ ፕሮጀክት ለያዛችሁ፣ እንዲሁም በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ ወይም በሺንሺቾ ለፋርማሲና ለሱቅ የዕቃ መቆጣጠሪያ ለምትሠሩ ነው። ከቪዲዮ የምንማረው ኮድ የተጻፈው ለሌላ አገር ስም፣ ለሌላ አገር ቀንና መብራት ለማይጠፋበት ቢሮ ነው። እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚሰበረውም እነዚሁ ቦታዎች ላይ ነው።

ከስሙ እንጀምር። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ቅጂ ሲሆን ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት መቀመጫ ተሰጥቶታል። ስለዚህ «ሐ» ከ«ሀ» በ16 መቀመጫ ትርቃለች፤ «ሑ» ከ«ሁ»ም እንዲሁ በ16። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ለኮምፒውተሩ እንደ «በ» እና «ገ» የተለያዩ ናቸው። መፍትሔው ከዚሁ አቀማመጥ ይወጣል። «ሐ» እና «ኀ»ን ወደ «ሀ»፣ «ሠ»ን ወደ «ሰ»፣ «ዐ»ን ወደ «አ»፣ «ፀ»ን ወደ «ጸ» የሚመልስ አንድ አጭር ፈንክሽን ጻፉ። ሰባቱን ሆሄያት ብቻ ይንካ፤ ስምንተኛው መቀመጫ ላይ እንደ «ሗ» ያሉት ስላሉ እነሱን ለብቻቸው ተመልከቷቸው። «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» መመለስም አትርሱ። ከዚያ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ተጨማሪ ኮለም ክፈቱና የተስተካከለውን ስም እዚያ አስቀምጡ። ፍለጋው በዚያ ኮለም ላይ ይሁን። ሰውዬው ራሱ የጻፈው አጻጻፍ ግን እንዳለ ይቀመጥ፤ ስሙ የእሱ ነው፣ ወረቀት ላይ ሲታተምም እንደጻፈው መውጣት አለበት።

ይህ ሙሐመድን፣ ሙሀመድንና ሙሃመድን ያገናኛል። መሐመድንና ሞሐመድን ግን አያመጣም። እኛ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመርን፦ ሁሉንም ፊደል ወደ መጀመሪያው ሆሄ መመለስ፣ ማለትም አናባቢውን መጣል። ሁሉም «መሀመደ» ይሆኑና ይገናኛሉ። ግን ተጠንቀቁ፤ በዚህ ቁልፍ ጀማል፣ ጀሚልና ጀሚላም አንድ ይሆናሉ። ወንድሙን ስትፈልጉ እህቱ ትመጣለች ማለት ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ቁልፍ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲወስንበት አትፍቀዱ፤ የሚመሳሰሉ ስሞችን ዘርዝሮ ለሰው ያሳይ፣ ሰውየው በአያት ስም ወይም በመታወቂያ ቁጥር ይለይ። ኸዲጃንና ከዲጃን ደግሞ በዚህም አታገኟቸውም፤ «ከ»ን ወደ «ሀ» መቀየር ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል ብለን ተውነው። ከሁሉ በላይ የለወጥነው መልእክቱን ነው። «አልተመዘገበም» የሚለውን አውጥተን «በዚህ አጻጻፍ አልተገኘም» የሚል ተካን። ሐሊማም ተደውሎላት ድርሻዋን ወስዳለች፤ ሦስቱን ሳምንት ግን መመለስ አልቻልንም።

በኤስኪውኤል ሰርቨር የምትሠሩ ሁለት ነገር ጨምሩ። ኮለሙ «ቫርቻር» ከሆነ የአማርኛው ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ ያ ስም ጠፍቷል፣ በኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም። «ኤንቫርቻር» አድርጉት፤ በጥቅስ የምትጽፉት ጽሑፍ ፊት ላይም «ኤን» የምትባለዋን ፊደል አትዝለሉ። ሌላው፣ በአንዳንድ አሮጌ ኮሌሽኖች የግዕዝ ፊደላት ክብደት ስላልተሰጣቸው ሰርቨሩ ሁሉንም እኩል ያያቸዋል። አንድ ስም ፈልጋችሁ የመዝገቡ ሰው ሁሉ ከመጣላችሁ ኮዳችሁን ከመቅደዳችሁ በፊት ኮሌሽኑን ተመልከቱ፤ ባይነሪ ወይም አዲሱን የ100 ቅጂ ስትመርጡ ይስተካከላል።

ቀን ደግሞ ከስምም ይብሳል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ሲሳሳት ድምፅ አያሰማም። ተጠቃሚው የእኛን ቀን ይጽፋል፤ «ዴትታይም» የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ቢያስገባ ፕሮግራሙ ኤረር ያወጣል፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም። ጳጉሜን እንደ 13ኛ ወርም እንዲሁ ይመለሳል። እነዚህ ደግ ስህተቶች ናቸው፣ ይጮኻሉ። ክፉው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። መጽሐፍ ጥቅምት 20፣ 2017 ለ14 ቀን አዋሳችሁ እንበል። መመለሻው ኅዳር 4 ነው። ፕሮግራሙ ግን 20/2/2017ን እንደ ፌብሩዋሪ ቆጥሮ 6/3 ይላችኋል። ሁለት ቀን። ለመጽሐፍ ምንም አይደለም፤ ለመድኃኒት ማብቂያ ወይም ለብድር ቀን ግን ጠብ ያመጣል። ኮምፒውተሩ የአሜሪካን አጻጻፍ ይዞ ከሆነ ደግሞ ወርና ቀኑን ያለዋውጥና 5/3ን ሜይ 3 ያደርገዋል።

ደንቡ አንድ ነው፦ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀን ብቻ ይቀመጥ፣ መቀየሪያው ሲገባና ሲታይ ብቻ ይሥራ። ዶትኔት የኢትዮጵያን ካላንደር አብሮ አያመጣም። የጃቫ «ታይም» ፓኬጅም የለውም፤ ጆዳ ታይምና አይሲዩ የሚባሉት ላይብረሪዎች ግን አላቸው። ራሳችሁ ልትጽፉት ከፈለጋችሁ ሒሳቡ ከምታስቡት በላይ አጭር ነው። ዓመቱን በ365 አባዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ቀሪውን ጥላችሁ ደምሩበት፤ ወሩን በ30 አባዝታችሁ ደምሩ፤ ቀኑን ደምሩ፤ በመጨረሻ 2399 ጨምሩ። የሚወጣው ቁጥር ከፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 1 ዓ.ም. ጀምሮ ያለፉት ቀናት ብዛት ነው፤ ያንን በ«አድ ዴይስ» ስትጨምሩት ቀኑ ይወጣል። በሦስት ቀን ፈትኑት፦ መስከረም 1፣ 2000 ሴፕቴምበር 12፣ 2007 መሆን አለበት፤ ጳጉሜን 6፣ 2015 ሴፕቴምበር 11፣ 2023፤ መስከረም 1፣ 2017 ሴፕቴምበር 11፣ 2024። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፤ ተጠቃሚው በሌላ ዓመት 6 ቢጽፍ አትቀበሉት። ሰዓቱንም አስቡበት፤ «3 ሰዓት» ያለ ደንበኛ ጠዋት 3 ወይም ማታ 3 ማለቱ ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ማለቱ አይደለም።

የሒጅራ ቀን መጨመር ለምትፈልጉ ዶትኔት ላይ ሁለት አሉ፤ ሒጅሪ የሚባለውና ኡሙል ቁራ። ሁለቱም በስሌት የሚሄዱ ስለሆኑ ጨረቃ ታይቶ ከሚታወጀው በአንድ ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከሁለት ቀን ባልበለጠ ወደፊትም ወደኋላም ማስተካከያ አለው፤ ማስተካከያውን ለሰው ክፍት አድርጉት፣ የረመዷንን መግቢያ ፕሮግራማችሁ እንዳያውጅ።

የሚቀጥለው ችግር የሀዲያና የከምባታ ልጆች ቀድመው የሚያገኙት ነው። ከምባትኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በጉሮሮ የሚቆረጠውን ድምፅ በአፖስትሮፍ ያመለክታል። ይህችው ምልክት ኤስኪውኤል ውስጥ የጽሑፍ መክፈቻና መዝጊያ ናት። ስሙን ከጥያቄው ጋር በመደመር ምልክት የምትቀጥሉ ከሆነ ምልክቷ የገባችበት የቀበሌ ወይም የሰው ስም ጥያቄውን መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ «ሴቭ» ሲባልም ኤረር ይወጣል። ብዙዎቻችን ያደረግነው ተጠቃሚውን «አፖስትሮፍ አትጻፍ» ማለት ነበር። ይህ ሰውን የገዛ ቋንቋውን እንዳይጽፍ መከልከል ነው፤ ሌላው ችግር ደግሞ በሩን ክፍት ይተዋል፣ ምክንያቱም ተንኮለኛ በዚያው ምልክት ሰንጠረዡን ሁሉ ሊሰርዝ ይችላል። ፓራሜትር ተጠቀሙ። ጥያቄው ለብቻው፣ ስሙ ለብቻው ይሄዳል፤ ማንኛውም ምልክት ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይቀመጣል። የፕሮጀክት መከላከያ ላይ ፈታኞች የሚጠይቁት አንዱ ይህ ነው፤ ባይጠይቁም አድርጉት።

በኮድ ውስጥ የክልልና የዞን ዝርዝር የጻፋችሁ ሰዎችስ? በ2011 የተሠራ ፕሮግራም ኮምቦ ቦክሱ ላይ ሆሳዕናን ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር አድርጎ ይሆናል። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ክልል ሆኑ። ከምባታ ጠምባሮ ዞን ይባል የነበረውም ዛሬ ከምባታ ዞንና ጠምባሮ ልዩ ወረዳ ነው። ዝርዝሩ ኮድ ውስጥ ከሆነ ለእያንዳንዱ ለውጥ ፕሮግራሙን እንደገና ማጠናቀርና በየሱቁ እየዞሩ መጫን ይጠይቃል። ሰንጠረዥ ውስጥ ከሆነ የመስኮት አንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የድሮው መዝገብ ላይ ያለውን ስም ግን አትቀይሩት፤ በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ነው።

ፎርሙ ነጭ ሆኖ «አይመልስም» የሚለው በሽታ ላይ ብዙ አንቆይም። ከባዱን ሥራ፣ ለምሳሌ የአንድ ዓመት ሪፖርት ማውጣትን፣ ፎርሙን በሚያንቀሳቅሰው ክር ላይ ስለጫናችሁት ነው። «አሲንክ» እና «አዌት» ተጠቀሙ፤ ከሌላ ክር ሆናችሁ ግን የፎርሙን ጽሑፍ በቀጥታ አትንኩ።

መብራት ግን ሰፋ ያለ ቃል ይገባዋል። አንድ ሽያጭ ሁለት ጽሑፍ አለው፤ ከስቶክ ይቀነሳል፣ ገንዘቡ ይመዘገባል። በሁለቱ መሃል መብራት ከጠፋ መድኃኒቱ ተቀንሶ ብሩ የለም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የሚጠረጠረው ልጅቷ ናት፣ ጥፋቱ ግን የእኛ ነው። ሁለቱን በአንድ ትራንዛክሽን እሰሩ፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ አንዱም አይጻፍም። ኤስኪውኤላይት ይህን በደንብ ይችላል፣ ለአንድ ኮምፒውተር ሱቅም ይበቃል። ትራንዛክሽን ሌላ በረከትም አለው፦ አምስት መቶ የመድኃኒት ስም አንድ በአንድ ስታስገቡ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ እስኪጻፍ ስለሚጠበቅ ይጎተታል፤ በአንድ ላይ ስታስሯቸው ሻይ ሳይቀርብላችሁ ያልቃል። ባክአፕ ስትወስዱም ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ፋይሉን ኮፒ አታድርጉ፤ ግማሽ የተጻፈ ልትይዙ ትችላላችሁ። የዳታቤዙን የራሱን የባክአፕ ትእዛዝ ተጠቀሙ፣ ቅጂውንም ከዚያ ኮምፒውተር ውጭ አስቀምጡት።

የቀረው «እኔ ጋ ይሠራል» የሚባለው ነው። ደንበኛው ዘንድ የማይከፈተው ብዙ ጊዜ የዳታቤዙ አድራሻ ላይ የእናንተ ላፕቶፕ ስም ስለተጻፈ፣ ወይም የዶትኔት ማስኬጃው እዚያ ስለሌለ ነው። ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ማስኬጃውን ጭምር አጠቃሎ የሚያወጣውን አማራጭ መርጣችሁ አዘጋጁት፤ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ ይከፈታል። ሌላው ዳታቤዙን ከፕሮግራሙ ጋር «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ተራ ተጠቃሚ እዚያ መጻፍ አይፈቀድለትም። «አፕዳታ» ውስጥ ይሁን። የጽሑፉን ቅርጽ በኒያላ ብቻ የሠራችሁም ዊንዶውስ 10 ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ ኢብሪማ አብሮ ስለሚመጣ እሱን ምረጡ። ኤረሩንም በ«ትራይ ካች» ውጣችሁ «ስህተት ተፈጥሯል» ብቻ አትበሉ። ለተጠቃሚው አጭር አማርኛ፣ ለራሳችሁ ደግሞ ሙሉው ኤረር ከነሰዓቱ ፋይል ላይ ይጻፍ። ሾኔ ያለ ደንበኛ ስልክ ደውሎ «እምቢ አለኝ» ሲላችሁ ያንን ፋይል በቴሌግራም መላክ ይችላል፤ እናንተም የመኪና ዋጋ ይተርፋችኋል።

የስም ማመሳከሪያውንና የቀን መቀየሪያውን ኮድ የምትፈልጉ ከአስር ሶላት በኋላ ፍላሽ ይዛችሁ አግኙን። ሾርትከት ቫይረሱን ግን እዚያው ክፍላችሁ ተዉት።