ላፕቶፑ ከመገዛቱ በፊት ኮፈኑ ይከፈት

ከኮንሶ ተነስቶ የወይጦን ቆላ አቋርጦ በቀይ አፈር በኩል ጂንካ የሚያደርሰውን መንገድ የለመደው አሮጌው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ላፕቶፕ አያስፈልገውም። 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚመጥነው በመካኒካል ፓምፕ ነው፤ ማስተካከያውም ብሎንና መፍቻ ነው። ስለዚህ በገዛ እጁ የሞተር ኮምፒዩተር ለማስተካከል ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ መኪናው ኮምፒዩተር እንዳለው ይወቅ።

አዲሶቹ ሃይሉክሶች አሏቸው። በእነዚህ ኮመን ሬይል ሞተሮች ላይ ናፍጣው ከ1,600 ባር በላይ ሊደርስ በሚችል ግፊት ታምቆ ይጠብቃል፤ ኮምፒዩተሩ የአየሩን ግፊትና ሙቀት፣ የሞተሩን ዙርና የነዳጅ ፔዳሉን ከየሴንሰሩ አንብቦ፣ በውስጡ ከተጫኑት ሰንጠረዦች ጋር ያመሳክርና ኢንጀክተሩ መቼ ተከፍቶ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይወስናል። ማስተካከል ማለት የእነዚያን ሰንጠረዦች ቁጥር መቀየር ነው።

ደቡብ ኦሞ ላይ ሥራውን ከባድ የሚያደርገው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ሲሆን 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጂንካ ወደ 85፣ 2,300 ሜትር ባለፈችው አዲስ አበባ ደግሞ ከ80 በታች ይወርዳል። ቆላማዋ ኦሞራቴ ላይ ግፊቱ ተመልሶ ወደ 97 ይጠጋል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። ኮምፒዩተሩ በየከፍታው የሚያነበው የሰንጠረዡን የተለያየ ማዕዘን ነው። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ተፈትኖ ናፍጣ የተጨመረለት መኪና ኦሞራቴ ሲደርስ ማንም ባልሞከረው ቁጥር እየሠራ ነው ማለት ነው። በናፍጣ ሞተር ላይ ደግሞ ነዳጅ መጨመር ሙቀት መጨመር ነው፤ ስለዚህ ከቱርቦው በፊት የሚገጠም የጭስ ሙቀት መለኪያ ከውድ ላፕቶፕ ይልቅ ይጠቅማል።

ላፕቶፑ ራሱ ቀላል ነው። ከመኪናው ጋር የሚለዋወጠው መረጃ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ500 ኪሎቢት አይበልጥም፤ ያገለገለ ቲንክፓድ ወይም ላቲትዩድ፣ 8 ጊጋባይት ራም ካለው፣ ይበቃል። ዲስኩ ግን የሚሽከረከረው ዓይነት አይሁን፤ ኮረኮንች አይችልም። ባትሪው ጤነኛ፣ ስክሪኑም በቆላ ፀሐይ የሚነበብ ይሁን። ፕሮግራሙና ፈቃዱ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አስቀድመው ይጫኑ።

ላፕቶፑን ከመኪናው ጋር በሚያገናኘው መሣሪያ ላይ መቆጠብ ነው የሚያሳዝነው። ኢኤልኤም327 በሚባለው ቺፕ የሚሠሩት ትንንሽ ብሉቱዝ መሣሪያዎች ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይደሉም፤ አስመስለው የተሠሩት ደግሞ አንዳንድ ትእዛዝ ይዘላሉ። ለመጻፍ ጄ2534 የተባለውን መስፈርት በትክክል የሚያሟላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይሁንና ማንበብን አልንቅም። ፒ0087 የሚለው ኮድ የነዳጁ ግፊት ማነሱን ይናገራል፤ ከበርሜል በሚቀዳ ናፍጣ በሚነዳበት አገር መጀመሪያ የሚታየው ፊልትሮው ነው። ጉልበት ያጣ መኪና ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ጥገና ነው፤ በቆሸሸ ፊልትሮ ላይ ቁጥር መቀየር ችግሩን መሸፈን ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ያሉትን በጥንቃቄ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ ግድ ሆኗል።

ለመጻፍ የቆረጠ ሰው በመጀመሪያ የፋብሪካውን ፋይል አንብቦ በሁለት ቦታ ያስቀምጥ። ሲጻፍ የኮምፒዩተሩ አሮጌ ፕሮግራም ይሰረዛል፤ አዲሱ ሳይጠናቀቅ ቮልቴጁ ከወረደ ሞተሩ ላይነሳ ይችላል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት መውረድ ይጀምራል። 13.5 ቮልት አካባቢ አጽንቶ የሚይዝ የኃይል ምንጭ ይያያዝ፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሥራው እንዳይቋረጥ ሌላ ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በትይዩ ይገናኝ። ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሥራ፤ የመኪናው መብራት፣ ሬዲዮና ማራገቢያ ይጥፉ። ብዙዎቹ የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ግን ባለ 24 ቮልት ናቸው፤ ለ12 ብቻ የተሠራ መሣሪያ እዚያ ከተሰካ ሊቃጠል ይችላል።