የወሎ ኦፓል፤ የመጀመሪያውን ድንጋይ ከመግዛታችን በፊት

ከሐኑካ በዓል በኋላ አንዲት እናት ገዴራ ወደሚገኘው ቢሯችን መጥተው የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከውስጡ የባቄላ ፍሬ የምታህል ድንጋይ ወጣች። «ልጄ፣ ይቺን ከጎንደር ስነሣ ወንድሜ ነው የሰጠኝ። አረንጓዴና ቀይ እሳት ነበራት። ከትናንት ወዲያ ልጁ በውሃ ዘፍዝፎ አጠባት፤ ዛሬ ጠርሙስ ሆናለች» አሉኝ። እውነትም ድንጋይዋ እንደ ብርጭቆ ስባሪ ወዲያ ማዶ የምታሳይ ነበረች።

እኒህ እናት የመጡት ግን ለድንጋይዋ ብለው አልነበረም። አባትየው «ልጁ እውነተኛዋን ሸጦ በጠርሙስ ተክቷታል» ብለው ስለጠረጠሩ ቤት ውስጥ ከባድ ጠብ ተነሥቶ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ አክስቱ ዘንድ ክርያት መላኪ ሄዶ ነበር። ሁለት ሌሊት ቤቱ አላደረም።

እኔ የተማርኩት የሰውን እንጂ የድንጋይን ነገር አይደለም። ድንጋይ የሚያለዝብ አንድ የማውቀው ሰው ዘንድ ስልክ ደወልኩ። ገና ነገሩን ሳልጨርስ «የወሎ ከሆነች ውሃ ጠጥታ ነው። ጨርቅ ላይ አስቀምጧት፣ ፀሐይም እሳትም አታሳይዋት፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ» አለኝ። በአራተኛው ቀን ከጠርዟ አረንጓዴ ብልጭታ ታየ። ሳምንት ሳይሞላ እሳቷ ሁሉ ተመለሰ። ልጁም ቤቱ ገባ። አባትየው በቃል ይቅርታ አልጠየቁም፤ ብቻ ድንጋይዋን አንሥተው «እንግዲህ አንተ ያዛት» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ይህ ልጅ ድንጋይ ሰብሳቢ ለመሆን ቆርጧል። ሌሎች ወጣቶችም፣ ከዘመድ ድንጋይ የተላከላቸው ወላጆችም ስለዚሁ ይጠይቁኛል። ስለሆነም ከባለሙያዎች የተማርኩትን ለአንባብያን ላካፍል።

ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው። በውስጡ በዓይን የማይታዩ የሲሊካ ኳሶች አሉ፤ በሹክ ብርቱካን እንደሚደረደር ሥርዓት ይዘው ሲደረደሩ ብርሃኑን እየሰባበሩ ቀለም ያወጣሉ። ይህን በ1960ዎቹ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይተው አረጋግጠዋል። የወሎው ኦፓል ልዩ ጠባዩ በኳሶቹ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ውሃ የሚመጥ መሆኑ ነው። ውሃ ሲሞላበት ድንጋዩ ይጠራል፣ ቀለሙም ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት ይደርቃል። ሁለት ሌሊት ሙሉ አንድን ልጅ ሌባ ያስባለው ይኸው ነበር።

በአገራችን ኦፓል በመጀመሪያ በስፋት የታወቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ሸዋ መዘዞ በተገኘው ነበር። የመዘዞው ብዙው ቡናማ ነው፤ መልኩ ደስ ቢልም ከጊዜ በኋላ የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው በገበያ ስሙ ተጎዳ። በ2008 በፈረንጆች አቆጣጠር ግን በወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ ሌላ ተገኘ፤ ዛሬ «የኢትዮጵያ ኦፓል» ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው ይህ ነው። በ2013 ደግሞ ጋሸና አካባቢ፣ ስታይሽ ከሚባል ቦታ፣ ጥቁር መደብ ያለው ወጣ። የደላንታው ድንጋይ ያለው በገደል ወገብ ላይ፣ ከአንድ ሜትር በቀጠነ የእሳተ ገሞራ አፈር ንጣፍ ውስጥ ነው። ወጣቶች በዶማና በመዶሻ ወደ ጎን ዋሻ እየፈለፈሉ ይገባሉ። ዋሻው ተደርምሶባቸው የሞቱ አሉ። ድንጋይ ስንገዛ ዋጋ ለማርከስ አጥብቀን የምንከራከር ሰዎች ይህንን ብናስታውስ አይከፋም።

አሁን ወደ ምርጫው። ድንጋዩን ደርቆ ካላያችሁት አትግዙ። በውሃ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጦ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠማችሁ ውሃ ስንጥቅን እንደሚደብቅ እወቁ። ከሱቁ ኃይለኛ መብራት ፈቀቅ ብላችሁ፣ በጥላ ውስጥ ድንጋዩን በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጥሩ ድንጋይ በየትኛውም ወገን እሳቱን ያሳያል፤ ደካማው ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቀይ የሚያወጣ አረንጓዴ ብቻ ከሚያወጣው ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ከዚያ የስልካችሁን መብራት ከጀርባው አብርታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ተዉት፤ ርካሽ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ሚዛኑ በካራት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ሲሆን፣ ዋጋው በካራት ከጥቂት ዶላር ተነሥቶ መቶ ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለጀማሪ ትልቅና ደብዛዛ ከመግዛት ትንሽና ብሩህ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ።

ማታለያው ብዙ ነው። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ቀለምም ይጠጣልና፣ ደማቅ ሐምራዊ ወይም ደማቅ ሰማያዊ መደብ ያለው «የወሎ ኦፓል» ሲቀርብላችሁ የተነከረ መሆኑን ጠርጥሩ። በጭስ የጠቆረም አለ። ቀጭን የኦፓል ቅርፊት በጥቁር ነገር ላይ ለጥፈው፣ አንዳንዴም ከላይ ብርጭቆ ደፍተው ይሸጣሉ፤ ከጎን ሲታይ መጣበቂያው መሥመር ሠርቶ ይታያል፣ ቀለበት ውስጥ ከተቀመጠ ግን አይታይም። በፋብሪካ የሚሠራ ኦፓልም አለ። እዚህ ላይ እኛ ብቻ አይደለንም የምንታለለው፤ ቻይናዎች እጅግ በሚያከብሩት ጄድ እንኳ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ድንጋዮች፣ ኔፍራይትና ጄዳይት ናቸው፣ የተነከረውም በገበያ ሞልቷል። የምላስ ፈተና የሚያደርጉም አሉ፤ ያልተለዘበ የወሎ ድንጋይ እርጥብ ምላስ ላይ ይጣበቃል። በሰው ሱቅ ውስጥ ግን አታድርጉት።

ስትገዙ በቀባላው ላይ «ተፈጥሯዊ ኦፓል፣ ያልተነከረ» የሚል ከነክብደቱ አስጽፉ፤ ካልተስማማችሁ መመለስ መቻላችሁንም አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የሁሉም ጌጣጌጥ የመመለስ ደንብ አንድ አይደለምና። ራማት ጋን የአልማዝ ገበያው አካባቢ ድንጋይ የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች አሉ፤ ለሃምሳ ሼቄል ድንጋይ ግን የምርመራው ክፍያ ከድንጋዩ ይበልጣል። ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ ከክሊታ ገንዘብ ላይ ተነሥቶ ድንጋይ አይገዛም። «ነገ እጥፍ ይሆናል» የሚላችሁ ሰው ራሱ ለምን እንዳልያዘው ጠይቁት።

በሌላ በኩል፣ ዘመድ የሰጣችሁን ድንጋይ ቤት ድረስ መጥቶ «ልግዛችሁ» ለሚል ሰው በዚያው ቀን አትስጡ። እኒያ እናትም ድንጋይዋ ጠርሙስ መስላ በነበረችበት ሰሞን አንድ ሰው በሃያ ሼቄል ልውሰዳት ብሏቸው ነበር። ሰውየው ምን እንደሆነች የሚያውቅ ይመስለኛል።

አያያዙ ላይ የእኛ ቤት ሥራ አለበት። ኦፓል ውሃ እንደሚጠጣ ሁሉ ቅባትም ይጠጣል፤ ቅባቱ ደግሞ እንደ ውሃ ደርቆ አይወጣም። ፀጉር ቅቤ ሲቀባ፣ ወጥ ሲሠራ፣ እርድ ሲነካ፣ በኤኮኖሚካ ወለል ሲታጠብ ቀለበቱ ይውለቅ። ሽቶም አይርከፍከፍበት። ከአቧራም ጠብቁት፤ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ከኦፓል ስለሚጠነክር ይቧጭረዋል። ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ። የነጠላ ጫፍም ቢሆን መጥፎ ቦታ አልነበረም።

ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ደብተር አለው። ልጁ በደብተሩ ላይ የድንጋዩን ክብደት፣ የተገኘበትን ቦታ፣ የሰጪውን ስም፣ ዋጋውን በዕብራይስጥ ይጽፋል። «የተገኘበት ቦታ» የሚለው ላይ ሲደርስ እናቱን ጠየቀ፤ እሳቸውም «ወንድሜ ነው የሚያውቀው» አሉ። ዓርብ ከሻባት በፊት ጎንደር ደውለው ነበር፤ ኔትዎርክ እምቢ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ይሞክራሉ።