የፈተና ሰሞን ጭንቀትና የእንቅልፍ ሐቅ



ባለፈው ዓመት ከማስተምራቸው የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ፣ በመድረሳም በትምህርት ቤትም የሚመሰገን ልጅ፣ ክፍል ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለብቻው ወስጄ ስጠይቀው ልቡ ያለ ምክንያት እንደሚመታ፣ ያነበበውን ወዲያው እንደሚረሳ፣ ሰላት ላይ ቆሞ ስንት ረከዓ እንደሰገደ እንደሚጠፋው ነገረኝ። እናቱ «ጂን ነክቶት ነው» ብለው ሩቅያ ሊያስቀሩለት ወሰዱት።

ሼኹ ግን አስተዋይ ሰው ናቸው። ቀርተውለት ሲጨርሱ «ልጄ፣ ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» አሉት። ያን ጊዜ ጉዱ ወጣ። ከዒሻ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ይዞ ለጥናት ይቀመጣል፤ በምርቃና እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ያነባል፤ ሱብሕ ያልፈዋል፤ ጠዋት ቡና ጠጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል። ሦስት ወር እንዲህ ኖሯል።

በልጁ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ ተፈታኝ ያለበት የትኛው ቤት ነው ያልተጨነቀ? እኛም መምህራን ያንን ቁጥር እየጠራን ተማሪዎቻችንን አስፈራርተናል። እኔም አንዱ ነኝ።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ለጊዜው ያነቃል፣ የልብ ምትን ያፈጥናል፤ ሲለቅ ግን ድብርትና መነጫነጭ ይተካል። ቡናም ከተጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ከካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ገና ሰውነት ውስጥ ነው። በሌላ በኩል አንጎል ቀን የተማረውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓት ነው። ልጁ ያነበበው የሚጠፋው ለዚህ ነበር።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) አቡ ደርዳእን ሊዘይሩ ሄደው፣ አቡ ደርዳእ ሌሊቱን ሊሰግዱ ሲነሱ እንዲተኙ አደረጓቸው፤ ሌሊቱ ሊያልቅ ሲልም አብረው ሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲደርስ ሰልማን ልክ መሆናቸውን አጸደቁ፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ለዒባዳ እንኳ የሰውነት ሐቅ ካልተጣሰ፣ ለፊዚክስ ይጣሳል እንዴ?

ጫቱን መተው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ዱካክ ያዘው፤ እየጮኸ ይነቃል፤ እናቱም ወደ ጂኑ ሐሳብ ተመለሱ። አባቱ ግን ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ማጥፋትን የቤቱ ሕግ አደረጉ፤ ራሳቸውም ቴሌቪዥናቸውን ዘጉ። (ልጅን ተኛ ብሎ እያዘዙ ዜና መኮምኮም አይሆንም።) ለዐስር ሰላት አባትና ልጅ ራቅ ወዳለው መስጊድ በእግር መሄድ ጀመሩ። የማታው ቡና ቀርቶ የገብስ አጥሚት ተተካ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለታመመና ላዘነ ሰው ተልቢና፣ ማለትም ከገብስ የሚሠራ አጥሚት፣ ያዝዙ እንደነበር ለእናትየው የነገሯቸው ሼኹ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት እጁ መንቀጥቀጡን ተወ።

ሁሉም ጭንቀት በእንቅልፍና በአጥሚት ይለቃል ማለቴ አይደለም። ድምፅ የሚሰማው፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚናገር ወይም ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለበት። «አማኑኤል ሄደ ይባላል» እያሉ በይሉኝታ የደበቁት ሕመም ሲብስ እንጂ ሲሻል አላየሁም። ደግሞ ሐኪም ጋ መሄድ ዱዓን መተው አይደለም። በ934 እ.ኤ.አ. ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ሲጽፉ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን መድኃኒት እንደሚሻ ሕመም ነበር የቆጠሩት።

ተማሪዬ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተኝ መጣ። አንድ የፊዚክስ ጥያቄ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛህ?» የሚል ሆነ።

«በ4 ሰዓት፣ ቲቸር» አለኝ እየሳቀ።