ማክሰኞ ቀን፣ ሰኞ ማታ፣ ረቡዕ ሌሊት

አዲስ አበባ ማክሰኞ ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ 7፡30። ምሳ ቤቶች ጢም ብለዋል፣ ሽሮው እየተንተከተከ ይቀርባል። በዚያችው ቅጽበት በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል፣ አሜሪካን ሳሞአ በተባሉት ደሴቶች፣ ሰኞ ገና አላለቀም፤ ከምሽቱ 5፡30 ነው። ከእነሱ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለችው በኪሪቲማቲ ደሴት ደግሞ እኩለ ሌሊት አልፎ ረቡዕ ከገባ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ይህ በዓመት አንዴ የሚታይ ትንግርት እንዳይመስል። በየቀኑ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 7 እስከ 8 ባለው ጊዜ፣ ሰዎች ሦስት የተለያዩ ቀኖች ውስጥ ይኖራሉ።

ለዚህ ተጠያቂዋ ፀሐይ አይደለችም። ምድር በ24 ሰዓት አንዴ ስለምትዞር በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ትጓዛለች። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ በየ15 ዲግሪው በሰዓቱ ላይ አንድ ይጨምራል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይቀንሳል። ሁለቱ ከዓለም ወዲያኛው ጎን ሲገናኙ በመካከላቸው የአንድ ሙሉ ቀን ልዩነት አለ። ስለዚህ ቀን የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1884 ዋሽንግተን ላይ የተሰበሰቡ የአገሮች መልእክተኞች ለንደን ውስጥ ያለችውን ግሪንዊችን የዓለም መነሻ አደረጉ (ካልተጠቀሰ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች የአውሮፓውያኑ ናቸው)። ከእርሷ ትይዩ ያለው 180ኛው ዲግሪም የቀን መለወጫ መስመር ሆኖ ተለመደ። ተለመደ እንጂ ማንም አልፈረመበትም። በየትኛው ወገን እንደሚቆም የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ራሱ ነው፤ በዚህም ምክንያት መስመሩ ካርታ ላይ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ይወርዳል።

ትልቁ መንገዳገድ ያለው ኪሪባቲ ዘንድ ነው። ይህች አገር 33 ደሴቶቿን ብታገጣጥም 800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትሆናለች፤ የተበተነችበት ባሕር ግን ከ3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በ1979 ነፃ ስትወጣ የቀን መለወጫው መስመር መሃሏን ሰንጥቋት ያልፍ ነበር። በዋና ከተማዋ ዓርብ ሲሆን በምሥራቅ ደሴቶቿ ሐሙስ ነው፤ የመንግሥት ቢሮዎች አብረው ክፍት የሚሆኑት በሳምንት 4 ቀን ብቻ። በ1995 መግቢያ ምሥራቆቹ ደሴቶች አንድ ቀን ዘለሉና መስመሩ እነሱን ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገ። ዛሬ ከእነዚህ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ኪሪቲማቲ ከሃዋይ ጋር በሰዓት አንድ ናት፤ በቀን ግን ሃዋይን ትቀድማለች።

ከሁሉ የሚጥመው ግን የሳሞአ ታሪክ ነው፤ ከአሜሪካን ሳሞአ ጎን ያለችው፣ ነፃዋ ሳሞአ። በ1892 ከአሜሪካ ጋር የሚነግዱ ሰዎች የአገሪቱን ንጉሥ አግባቡና ሳሞአ ወደ አሜሪካ ወገን ተሻገረች። ስትሻገር አንድ ቀን ተደገመ፤ የተመረጠው ቀን ደግሞ ሐምሌ 4 ነበር፣ የአሜሪካ የነፃነት በዓል። ነጋዴዎቹ በዓላቸውን ሁለት ቀን አከበሩ ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ገበያው ፊቱን አዞረ። የሳሞአ ንግድ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጋር ሆነ፣ ስደተኛ ልጆቿም እዚያው ተቀመጡ። ሳሞአ ዓርብ ሥራ ላይ ስትሆን ኒውዚላንድ ቅዳሜ ሆኖ ቢሮው ተዘግቷል፤ ሳሞአ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሲድኒ ሰኞ ብላ ሥራ ጀምራለች። በሳምንት ሁለት የሥራ ቀን ባከነ። መንግሥት ቀድሞም ነገር የማይፈራ ነበር፤ በ2009 ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ርካሽ መኪና እንዲገባ ብሎ አገሩ ሁሉ ከመንገዱ ቀኝ ወደ ግራ ተሻግሮ እንዲነዳ አድርጓል። በ2011 መጨረሻ ደግሞ ሐሙስ ታኅሣሥ 29 ተኝቶ የነቃው ሳሞአዊ ቅዳሜ 31 ላይ ተነሣ። ዓርብ 30 በሳሞአ አልነበረም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያ ቀን ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ነግቶ መሽቷል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። የሳሞአ አድቬንቲስቶች ቅዳሜን የሚያከብሩ ናቸው። መስመሩ ሲዛወር «እውነተኛው ሰባተኛ ቀን የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ቤተ ክርስቲያናቸው የቀድሞውን አቆጣጠር ይዛ፣ አሁን እሑድ በተባለው ቀን ማምለክ ቀጠለች፤ ይህን ያልተቀበሉት ተገንጥለው አዲሱን ቅዳሜ ያዙ። ስለ ቀዳሚት ሰንበት የተነሣውን የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ክርክርና በ1450 በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ፊት የተደረገውን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሚያስታውስ ሰው፣ አንድ ቀን ስንት ሊያነጋግር እንደሚችል ያውቃል። ልዩነቱ የሳሞአዎቹን ጠብ መንግሥት በአዋጅ መጀመሩ ነው።

መስመሩ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ሩሲያንና አሜሪካን ይለያል። በቤሪንግ ወሽመጥ ሁለት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ዲዮሜድ የሩሲያ ነው፣ ትንሹ የአሜሪካ። በመካከላቸው 4 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ባሕር አለ፤ ልዩነታቸው ግን እንደ ወቅቱ 20 ወይም 21 ሰዓት ነው። ትንሹ ደሴት ላይ ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች በመስኮታቸው ነገን ያያሉ ቢባል ማጋነን አይደለም። እስከ 1867 ሁለቱም የሩሲያ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት አላስካ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ስትሸጥ ድንበሩ በደሴቶቹ መሃል ገባ። በሁለቱም ደሴቶች ይኖሩ የነበሩት ዘመዳሞቹ ኢኑፒያቶች ግን ወዲያና ወዲህ መመላለሳቸውን አልተዉም ነበር። የዘጋው የቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ የትልቁ ደሴት ነዋሪዎች ወደ ሩሲያ ምድር ተወሰዱ፣ ደሴቱም ለወታደር ቀረ። በነሐሴ 1987 ሊን ኮክስ የተባለች አሜሪካዊት ዋናተኛ ያንን በረዶ የሚመስል ውኃ ሁለት ሰዓት በሚያህል ጊዜ ዋኝታ ተሻገረች። ከሰኞ ወደ ማክሰኞ እንደ መዋኘት ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ለሚሳኤል ስምምነት ዋሽንግተን ሲመጡ ስሟን አንሥተው አወድሰዋታል።

የብስ ላይ ያለው የድንበር መስመርም ከባሕሩ አይሻልም። ኔዘርላንድስ ውስጥ ባርለ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ በውስጧ 22 የቤልጅየም ቁራሽ መሬቶች ተበትነዋል፣ አንዳንዶቹ ቁራሾች ውስጥ ደግሞ ተመልሶ የኔዘርላንድስ መሬት አለ። ነገሩ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ መሳፍንት መሬት ሲከፋፈሉ የቀረ ቅርስ ነው። ድንበሩ በእግረኛ መንገድ፣ በሱቅና በመኝታ ቤት ያልፋል። የቤቱ ዜግነት የሚታወቀው በዋናው በር ነው፤ በሩ ቤልጅየም ላይ ከተከፈተ ቤቱ ቤልጅየማዊ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ቤልጅየምን ስትይዝ እነዚህን ቁራሾች መንካት አልቻለችም፤ ለመድረስ የገለልተኛዋን ኔዘርላንድስ ምድር መርገጥ ነበረባት። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ በድንበሩ ላይ የቆመ አንድ የልብስ ሱቅ በቤልጅየም በኩል ያለው ግማሹ ታጥሮ፣ በኔዘርላንድስ በኩል ያለው ግማሹ ሲሸጥ ዋለ።

በፈረንሳይና በስፔን መካከል ባለው የቢዳሶዋ ወንዝ ላይ ያለችው የፋይዛንት ደሴት ከ1659 የሰላም ውል ጀምሮ የሁለቱም ናት፤ ስድስት ወር ስፔን፣ ስድስት ወር ፈረንሳይ ይይዟታል። እንደ ተራ እቁብ። የሚኖርባት ሰው የለም።

ሁለት አገሮች አንድ መሬት ላይ መጣላታቸው የተለመደ ነው፤ ሁለት አገሮች አንድን መሬት «የእኔ አይደለም» ብለው መካካዳቸው ግን ብርቅ ነው። በግብፅና በሱዳን መካከል ያለችው ቢር ጠዊል ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ትሰፋለች። እንግሊዞች በ1899 ድንበሩን በ22ኛው ዲግሪ ቀጥ አድርገው አሰመሩ፤ በ1902 ደግሞ ከብት አርቢዎቹን አይተው ለአስተዳደር ሌላ መስመር አበጁ። በቀጥተኛው መስመር በቀይ ባሕር ዳር ያለው ሰፊው ሐላይብ የግብፅ፣ ቢር ጠዊል የሱዳን ይሆናል፤ በሁለተኛው ይገለበጣል። ሁለቱም ሐላይብን ይፈልጋሉ። ግብፅ የመጀመሪያውን፣ ሱዳን ሁለተኛውን ካርታ ስትዘረጋ ቢር ጠዊል ከሁለቱም ትወድቃለች፤ ይገባኛል ያለ ሰው ሐላይብን እንደ ለቀቀ ይቆጠርበታላ! ወጣ ገባ ከሚሉ አርብቶ አደሮችና ወርቅ ፈላጊዎች በቀር መንግሥት የሚባል አይደርስባትም። በ2014 አንድ አሜሪካዊ አባት ሴት ልጁን ልዕልት ለማድረግ ብሎ እዚያ ድረስ ሄዶ ባንዲራ ተክሏል፤ አገር ብሎ ያወቀለት ግን የለም።

ኢትዮጵያም የራሷ የቀን መለወጫ መስመር አላት፤ በሞያሌ ያልፋል። ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ ግማሿ ኢትዮጵያ፣ ግማሿ ኬንያ ነው። ኬላውን ወደ ኬንያ የሚሻገር ነጋዴ የእጅ ሰዓቱን አንዲት ደቂቃ አያዞርም፤ ሁለቱ አገሮች በአንድ የሰዓት ቀጠና ናቸው። ፓስፖርቱ ላይ የሚረገጠው ማኅተም ግን እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደፊት ያስኬደዋል፣ ከቀኑ 7 ሰዓት የነበረውም በቢሮው ግድግዳ ላይ 1 ሰዓት ይሆናል። ከቢሮው ወጥቶ ገበያ ውስጥ ስዋሂሊ ተናጋሪ ቢጠይቅ ደግሞ መልሱ «ሳአ ሳባ» ነው፤ እነሱም ሰዓትን የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ነውና፣ ሰባት ሰዓት።