ለንብረት ሲባል መተኮስ እስከ ምን ድረስ?

በሐርጌሳ ገበያ ገንዘብ መንዛሪዎች የሶማሊላንድ ሽልንግን በላስቲክ አስረው፣ ሜዳ ላይ እንደ ጡብ ደርድረው ይውላሉ። አንድ ሌባ ጥቅሉን መንትፎ ቢሮጥ፣ ባለ ሽጉጥ ነጋዴ መተኮስ ይችላል?

ሶማሊላንድ የምትጠቀምበት የሶማሊያ የወንጀል ሕግ በ1962 (እ.ኤ.አ.) የወጣና ከጣሊያን ሕግ የተቀዳ ነው። መከላከልን የሚፈቅደው አደጋው ገና ሳያልፍና ምላሹ ከጉዳቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ጩቤ መዝዞ የሚመጣ ሰው ነፍስን ያሰጋል፤ ገንዘብ ይዞ የሚሸሽን ሰው ከጀርባ መምታት ግን፣ በእኔ አረዳድ፣ ሚዛኑን አያሟላም።

ከዚህ ጎን «ሔር» የሚባለው የሶማሌ ባህላዊ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ ለተገደለ ወንድ የሚከፈለው የደም ካሳ በልማድ 100 ግመል ነው። ገዳዩ ብቻውን አይከፍልም፤ ካሳ አብረው ለመክፈል የተሳሰሩ ዘመዶቹ ሁሉ ያዋጣሉ። በንዴት የተተኮሰች አንዲት ጥይት ምንም ያላጠፉ አጎቶችንና የአጎት ልጆችን ከብት ታስነዳለች። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ወጣቱን አስቀድሞ ይመክራል።

የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ጥቃቱ በሌላ መንገድ ሊመለስ አለመቻሉን፣ የአደጋውንና የሚጠበቀውን መብት ክብደት ይመረምራል። ልኩን ያለፈ ሰው በአንቀጽ 79 ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤት ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት፣ ድርጊቱ ከድንጋጤ ወይም ከፍርሃት የመጣ ከሆነም ሊተውለት ይችላል።

መሣሪያ ቤትህ ካስገባህ፣ ሌባ ሲመጣ መጀመሪያ በርህን ዝጋ፣ ጩህ፣ ጎረቤትና ፖሊስ ጥራ፤ የሚሸሽ ሌባ ላይ አትተኩስ።