ሰርጉ ቆመ፤ ከዚያስ?

በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ጥር ሲገባ የሰርግ ጥሪው ይበዛል፣ የክፍሉ ተማሪ ደግሞ ይሳሳል። በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በወግዲ፣ በሳይንት ወይም በለጋምቦ ያስተማረ ሰው ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። ስሟ ተጠርቶ «አቤት» ያላለች ልጅ ስትኖር ክፍሉ ዝም ይላል። ታማ እንዳልቀረች ጓደኞቿ ያውቃሉ።

ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ስንሰማ ነው ያደግነው። በትምህርት ቤት ድራማ፣ በሬዲዮ፣ በቀበሌ ስብሰባ ያልተባለ ነገር የለም። እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ብዙ ስላልተነገረለት ነገር ነው፦ ሰርጉ «ተቋርጧል» ተብሎ ሪፖርት ከተጻፈ በኋላ ልጅቷ የት ትደርሳለች?

መጀመሪያ ሕጉን እንይ፤ ሕግ አልጎደለንምና። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የጋብቻን ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 አድርገዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው፦ ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች ያገባት ሰው እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በጽኑ እስራት ይቀጣል። ሕፃናትን መድፈርማ ከዚህ በጣም የከበደ ቅጣት አለው፤ ተጎጂዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ከ13 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሕግ ባለበት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ምን አገኘ? በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑ ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ። መንግሥት በ2006 ለንደን ላይ «በ2025 እናስቆማለን» ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 2025 አልፏል፤ ሰርጉ ግን አላለፈም።

ሕጉ ገጠር ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደናቅፈው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው? በአገራችን የልደት ምዝገባ በአዲሱ ሥርዓት የተጀመረው ገና በሐምሌ 2008 ነው። ስለዚህ ዛሬ ለጋብቻ የምትጠየቀው የ14 ዓመት ልጅ ወረቀት ላይኖራት ይችላል። አባት «18 ሞልቷታል» ካለ ጎረቤት አይከራከረውም። ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና ዕድሜዋ ይመርመር ሲባል ታላቅ እህቷን የሚልክ ቤተሰብ አለ። ድንኳን ተጥሎ «ሰርግ አይደለም፣ ዝክር ነው» የሚባልበት ጊዜም አለ።

ወላጆችን ጨካኝ ብሎ መፈረጅ ቀላል ነው። ግን እስኪ ሒሳባቸውን እንየው። ልጅቷ 8ኛ ክፍልን ከጨረሰች ሁለተኛ ደረጃ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከተማ ላይ ነው። እዚያ ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ወደ ቀዬዋ ወጥታ፣ እሑድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። መንገዱ ላይ ጠላፊ ይኖራል። ኪራይ ቤቱ ውስጥ የሚጠብቃት ሰው የለም። «ብትደፈርስ? ብታረግዝስ?» የሚለው ፍርሃት የእውነት ነው። በዚያ ላይ «ቆማ ቀረች» የሚለው ሐሜት አለ፤ በሌላው ሰርግ ላይ ያወጡትን ማስመለስም አለ። ቤተሰቡ ልጅቷን ከጥቃት ያዳነ እየመሰለው ለሌላ ጥቃት አሳልፎ ይሰጣታል።

አሁን ሰርጉ ቆመ እንበል። የልጃገረዶች ክበብ አባል የሆነች ጓደኛዋ ለመምህር ነገረች፣ መምህር ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤቱ ለፖሊስ። ጎበዝ! ግን ያ ፍርሃትና ያ ሒሳብ እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው። ጠላው ተጠምቆ፣ እንግዳ ተጠርቶ የተዋረደ አባትም አለ። ልጅቷ በዚያው ምሽት የምትተኛው እዚያው ቤት ነው። አንዳንዷ ወደ ሌላ ወረዳ ዘመድ ቤት ትላክና ሰርጉ እዚያ በጸጥታ ይፈጸማል። አንዳንዷ በደላላ እጅ ወደ ዓረብ አገር፣ ወይም ለቤት ሠራተኝነት ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሪፖርቱ ላይ ግን «ዳነች» ተብላለች።

የሚሠራ ነገር ግን አለ፤ ያውም እዚሁ ክልላችን ውስጥ ተሞክሯል። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ሞሰቦ ላይ «ብርሃነ ሔዋን» የሚባል ፕሮግራም ነበር። ስብከት ብቻ አልነበረም። ልጃገረዶች በቡድን እየተገናኙ ከሚያምኗት ሴት ጋር ይወያያሉ፣ ለተማሪዎቹ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣል፣ የአካባቢው ሰው ቁጭ ብሎ ይመክራል። ቤተሰቡ ልጁን ሳይድር እስከ መጨረሻው ከቆየ ደግሞ አንድ በግ ያገኛል። አንድ በግ! ውጤቱ ሲጠና ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የፕሮግራሙ አካባቢ ልጃገረዶች የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ከሌለበት አካባቢ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። በጉ ለወላጅ ቀጥተኛ መልእክት ነበረው፦ ወጪህን እናውቃለን፣ ብቻህን አይደለህም።

ጥቃት ከደረሰ በኋላም ልጅን ደግሞ ላለመጉዳት የሚያስችል አሠራር አለ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናው፣ ምክሩና የፖሊስ ምርመራው በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል ተከፍቷል። በፌዴራል ፍርድ ቤት ለሕፃናት በተዘጋጁ ችሎቶች ደግሞ ልጁ ከተከሳሹ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ፣ በሌላ ክፍል ሆኖ በካሜራ ይመሰክራል፤ ጥያቄውን የሚያቀርብለት ባለሙያ አብሮት ነው። የቦረና ገጠር ልጅ ግን ይህን ለማግኘት ስንት ሰዓት በእግር፣ ስንት ሰዓት በመኪና ትሂድ? የእውነት ልጆችን እንጠብቃለን ካልን አገልግሎቱ ወደ እሷ መጠጋት አለበት።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ መጣ። በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ የውጊያ ቀጣና ነበር፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ክልሉ እንደገና ግጭት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቋረጠው ትምህርቱ ብቻ አይደለም። ስሟን የሚጠራው መምህር፣ የምትጠቁመው ጓደኛ፣ ክበቡ፣ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው የትምህርት ቤት መዘጋትን ከልጆች ጥቃት ለይቼ ማየት የሚያቅተኝ።

እኛስ፣ ስልክ የያዝነው? በ2016 ክረምት የባሕር ዳሯን የ7 ዓመት ሕፃን ጉዳይ አስታውሱ። ተደፍራ የተገደለችው ከዓመት በፊት ነበር፤ እናቷ አደባባይ ስትወጣ ግን አገር ተንቀጠቀጠ፣ ከ200 ሺህ በላይ ሰው በኢንተርኔት አቤቱታ ፈረመ። ያ ጩኸት ዋጋ ነበረው። ችግሩ ጩኸታችን ሳምንት የሚቆይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። የተጎዳን ልጅ ፊት፣ ስም፣ ሰፈር ሼር አታድርጉ፤ ቪዲዮው ልጁ ሲያድግም ይከተለዋልና። የወረዳችሁን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና የፖሊስ ጣቢያ ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሦስተኛውና ትልቁ ይኼ ነው፦ ሰርጓ ቆመ የተባለች ልጅ ካወቃችሁ መስከረም ላይ ጠይቁ። ተመዘገበች? ደብተር አላት? ማን ጋ ነው የምታድረው?

ሰርግ ለማስቆም አንድ ቀን ይበቃል። ልጅቷ 18 እስኪሞላት ግን ብዙ መስከረም አለ።